ክሎራምፌኒኮል ሰያፍ ነው ተጣይ?

ብርሀንነሽ በ1973 ዓ.ም. በመካነ ሰላም ክሊኒክ ካርድ አውጪ ነበረች። ለጤና ረዳትነት ሥልጠና የተሰጠው ቦታ አንድ ብቻ ነው፤ ሐሙስ ፈታኝ ከደሴ መጥቶ የመድኃኒት ስም ከጠርሙስ ላይ ያስነብባል። አምና የወደቀችው እዚያው ላይ ነው። «ክሎራምፌኒኮል» መሀል ላይ ምላሷ ተሳሰረ።

ያን ሳምንት መቀመጥ አልሆነላትም። ካርድ ስትፈልግም፣ ገበያ ስትወርድም ታጉተመትማለች። ከከላላ የመጡ አንዲት በሽተኛ «ወላሂ፣ ይቺ ልጅ እየደገመችብኝ ነው!» ብለው ከአጠገቧ ተነሡ።

ክትባት ሰጪዋ ዘይነባ ሳቀች። «አንቺ፣ ደብተራ ነው የምትሆኚው ጤና ረዳት?»

«ተይኝ እቴ! ሐሙስ ደረሰብኝ።»

ረቡዕ ጠዋት ቃሉን በአማርኛ ጽፋ አባቷ ዘንድ ሄደች። መሪጌታ ወልደ ገብርኤል እንግሊዝኛ አያውቁም፤ የግዕዝ ንባብ ግን፣ የትኛው ቃል የት ላይ ድምፁ እንደሚነሣ፣ ሠላሳ ዓመት አስተምረዋል።

«ስምንት ፊደል» አሉ በጣታቸው ቆጥረው። «መጨረሻው ሳድስ ነው። እንግዲህ ተነሽም ወዳቂም አይሆን። ሰያፍ ነው ተጣይ?»

«አባባ፣ እንግሊዝኛ እኮ ነው!»

«እንግሊዝ ሲናገር ድምፁን የሚያነሣበት የለውም? በይ ሰያፍ አድርጊው። ተጣይ ሳይነሣ ይነበባል፣ ሰያፍ ግን ከመጨረሻው በፊት ያለው ፊደል ላይ ይነሣል፤ ‹ኮ› ላይ ከፍ!»

ሐሙስ ካኪ የለበሰው ፈታኝ ጠርሙሱን ሰጣት። «ጓድ ብርሀንነሽ፣ ያንብቡ።»

«ክ-ሎ-ራ-ም-ፌ-ኒ-ኮ-ል!» ‹ኮ›ን እንደ ቅዳሴ አነሣችው።

ሰውዬው እስክሪብቶውን ጣለ። «ስምንት አደረጉት? አምስት ነው። ክሎር-አም-ፌን-ኢ-ኮል። የሚነሣው ‹ፌን› ላይ ነው።»

«ከመጨረሻው ሦስተኛው ላይ? እንዲህ ያለ ሕግ የለም!»

«የማን ሕግ?»

ፈታኙ ሌላ ጠርሙስ አቀበላት። «ይሄስ ያው ነው?»

እንደ አባቷ ፊደል በፊደል ነጠለችው። «ክ-ሎ-ር-ፌ-ኒ-ራ-ሚ-ን። አይደለም! የዚያኛው ‹ራ› ከ‹ፌ› በፊት ነው፣ የዚህ ከ‹ኒ› በኋላ። ሁለት መድኃኒት ናቸው።»

ፈታኙ ቀና ብሎ አያት። «ከእርስዎ በፊት የገቡት ሦስቱም አንድ ነው ብለውኛል። አንዱን በሌላው ቢሰጡስ ኖሮ?» ስሟን ጻፈ። «ጥቅምት ላይ ደሴ ይገባሉ። ዜማውን ግን እዚሁ ይተዉት።»

ምን ብላ እንደመለሰች ራሷም አታስታውስ። ካርድ ክፍሉን ክፍት ትታ፣ ነጠላዋ እየተጎተተ፣ ወደ አባቷ ቤት ስትሮጥ ያየቻት ዘይነባ ናት።