ለፈረሱ የተለቀቀ ጋጣ

ባለፈው ሳምንት ከአዘዞ ስመለስ፣ መንገድ ዳር አንድ ሰው የቆዳ ቁርጥራጭ በበርሜል ይቀቅል ነበርና፣ ሽታው ሲደርሰኝ ቆም አልሁ። ሌላው መንገደኛ አፍንጫውን ይዞ ሲያልፍ እኔ ወደ እሳቱ ተጠጋሁ። የልጅነት ቤታችን የሚሸተው እንዲህ ነበር። አባቴ ሰዓሊ ስለነበረ፣ የሥዕሉን ጨርቅ ከቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ጋር የሚያጣብቅበትን ሙጫ ከከብት ቆዳ ቀቅሎ ያወጣ ነበር፤ ሽታው ከልብሳችንና ከጸጉራችን ስለማይለቅ፣ ትምህርት ቤት ውስጥ «የሙጫ ልጅ» ይሉኝ ነበር።

ቤታችን ከጎንደር ከተማ ወጣ ብሎ ያለ፣ በጭቃ በተመረገ ግድግዳ ለሁለት የተከፈለ አንድ ጎጆ ነበር፤ በወዲህ እኛ፣ በወዲያ በጋጣው ላማችን። የአባቴ የሥራ ቦታ መጀመሪያ የበሩ ደፍ ነበረ። በክረምት ብርሃን የሚገባው በዚያ ብቻ ስለሆነ፣ ጉልበቱ ላይ ጣውላ አስደግፎ፣ ከመዳፍ እምብዛም የማይበልጡ ሥዕሎች ይሥል ነበር። ወጭ ገቢው ሁሉ እሱን ተሻግሮ ያልፋል፤ ዝናቡ ነፋስ ሲጨምርበት ጣውላውን ታቅፎ ወደ ውስጥ ይሸሽና፣ ሰማዩ እስኪገለጥ እጁን አጣጥፎ ይቀመጥ ነበር።

መስከረም ሲጠባ ሥራው በረከተ፤ ሥዕሎቹም አደጉ። የእናቴ የእህል ጎታ ከግድግዳው ተነሥቶ ወደ ጥግ ተገፋ፤ ቀጥሎ መደቡ ፈረሰና ሁላችን መሬት ላይ አጎዛ አንጥፈን መተኛት ጀመርን። በኅዳር፣ ወደ ትክል ድንጋይ በሚወስደው መንገድ ካለች አንዲት የገጠር ደብር ሽማግሌዎች መጥተው፣ ቅዱስ ጊዮርጊስን በአምባላይ ፈረሱ ላይ እንዳለ፣ ከሰው ቁመት አስበልጦ እንዲሥልላቸው አዘዙት። እንዲህ ያለ ትልቅ ሥራ ይዞ አያውቅም ነበር። ግድግዳችን የሚችለው ግማሹን ብቻ ስለነበረ፣ መጀመሪያ ከፈረሱ ራስ እስከ ኮርቻው ሥሎ ጠቀለለው፤ ከዚያ ሌላ ጨርቅ ወጥሮ ኋላውን ሣለ። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ ያየ ሰው አልነበረም፣ እሱ ራሱም ቢሆን።

ጥምቀት እንዳለፈ እኔን አስከትሎ ሊያጣብቀው ሄደ። ሁለቱ ጨርቆች ግድግዳው ላይ ሲገጠሙ፣ የፈረሱ ጀርባ ከኮርቻው በኋላ ድንገት አንድ ስንዝር ወረደ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ራሳቸውን ዘንበል አድርገው ሲያዩ ቆዩና፣ «አያ ደምሌ፣ ይኼ ፈረስ ዳገት እየወጣ ነው እንዴ?» አሉ። ሰው ሁሉ ሣቀ። የደብሩ አለቃ ግን አልሣቁም። «ለሚያዝያ ጊዮርጊስ ካልተስተካከለ ሌላ ሰዓሊ እናመጣለን» አሉት።

አባቴ ቤት እንደገባ ብሩሾቹን በጨርቅ ጠቅልሎ ጣራው ሥር ሰካቸው። «እኔ የደፍ ሰዓሊ ነኝ» አለ። «ከወንድሜ ጋር ማረሱ ይሻለኛል።»

«ምነው? እጅዎ ምን አደረገ?» አለችው እናቴ። «ጥፋቱ የቤቱ ነው።»

በማግሥቱ ላማችንን ጠዳ ላለችው እህቷ ነድታ አስረከበች። ስትመለስ ነጠላዋን አደግድጋ መጥረቢያ አነሣችና፣ ጋጣውን ከእኛ የሚለየውን ግድግዳ ትመታው ጀመር። ጎረቤታችን እትየ ዘውዴ ድምፁን ሰምታ መጣችና በአቧራው መሐል አንገቷን አስገባች።

«አንች! ላም አስወጥተሽ ፈረስ ልታስገቢ ነው?»

«አዎ! ይኼኛው ገለባ አይበላ!»

እኔን አላሣቀኝም። ወተት ቀርቶበት ታናሽ ወንድሜ ሲነጫነጭ አብሬው አኮርፍ ነበር። «ለሥዕል ተብሎ ላም ይሰጣል?» አልኋት አንድ ቀን።

«ላሟ እህቴ ቤት አለች፤ አባትሽ ግን ዛሬ ካቆመ ተመልሶ አይጀምርም» ብላ ጭቃ እንድረግጥ ሰደደችኝ።

የካቲትን ጋጣውን ስንጠርግ፣ ስንመርግና በምሥራቅ በኩል መስኮት ስንከፍት ከረምን። አባቴ ለቀናት ደጅ ተቀምጦ ያየን ነበር። እናቴ ለአንሶላ ያስቀመጠችውን አቡጀዲ ሰፍታ አንድ ትልቅ ጨርቅ አደረገችውና፣ አዲስ በተመረገው ግድግዳ ላይ ራሷ ቸነከረችው። ያን ጊዜ ተነሥቶ ገባ። ጨርቁን እያየ ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ ተራመደ፤ ጀርባው ወዲያኛው ግድግዳ እስኪነካ ድረስ። ወደ ኋላ የሚራመድበት ቦታ አግኝቶ አያውቅም ነበር። ከዚያ ብሩሾቹን ከጣራው ሥር አወረዳቸው።

መጋቢትን ሙሉ በከሰል የታሸ ክር ከዳር እስከ ዳር እንወጥር ነበር፤ አንዱን ጫፍ እኔ እይዛለሁ፣ እሱ ክሩን ሳብ አድርጎ ሲለቀው ጨርቁ ላይ ጥቁር መሥመር ይቀራል። የፈረሱን ጀርባ ሦስት ጊዜ ሥሎ ሦስት ጊዜ በኖራ አጠፋው። በአራተኛው ግን ወደ ኋላ ሄዶ አየውና፣ ሳያጠፋው ወጣ።

በሚያዝያ ለንግሡ ሁላችንም ወረድን። ሥዕሉ ተጣብቆ ሕዝቡ ሲያየው፣ አለቃው ማመስገንም መውቀስም ትተው፣ «የምሥራቁንስ ግድግዳ መቼ ትጀምራለህ?» ብለው ጠየቁት። አባቴ መልስ ከመስጠቱ በፊት፣ በሴቶች በኩል ቆማ የነበረችውን እናቴን በዓይኑ ፈለገ።

ሥዕል መሣልን የተማርሁት በዚያ ክፍል ነው። ከተማ ገብቼ ትዳር ስይዝ ሥራው ተከትሎኝ መጣ፤ በሐኪም ቤት ይሠራ የነበረው ባለቤቴም ጨርቄ በሰፋ ቁጥር መጽሐፉን ይዞ ወንበሩን ወደ ኮሪደር ያወጣ ነበር፤ አንድ ቀን እንኳ አጉረምርሞ አያውቅም። እሱ ካረፈ ዓመት ሞላው። ልጆቼ «እማ፣ የአባባን ክፍል ለተማሪ አከራዪው» ይሉኛል፤ እኔም ለወራት በሩን ዘግቼ ማለፍ ብቻ ሆነ ሥራዬ።

ያኔ አንድ ጨርቅ ለመወጠር አንድ ሰው የራሱን ቦታ መልቀቅ ነበረበት፤ የለቀቀውም ሰው በአጠገባችን ሆኖ ሥራውን ያይ ነበር። ዛሬ ሳልጠይቅ ቤቱ ሁሉ ተለቀቀልኝ። ያኔ ቤት ይጠብበን ነበር፤ አሁን ይሰፋኛል። ስፋቱን አልወደድሁትም፤ ባዶውን ግን አልተወውም። ትናንት ጠዋት ከልጄ ጋር አልጋውን ከዚያ ክፍል አወጣንና፣ ከዳር እስከ ዳር ጨርቅ ወጠርሁበት።