የክንፍ ዱቄትና አንዷ ዐይኔ

የምንኖርበት ሰፈር ዓይናለም ይባላል። የዓለም ዐይን እንደ ማለት ነው፤ እኔ ነዋሪው ግን የምተዳደረው በአንዷ ነው። ቀኟ ከጠፋች ቆየች። ግራዋን ሞራ ሸፍኗት ነበርና በክረምቱ ማለቂያ ላይ ሐኪሟ ሞራውን ገፍፋ በምትኩ ትንሽ ሰው ሠራሽ ሌንስ ከተተችልኝ። ስታሰናብተኝ የሰጠችኝ ትእዛዝ አጭር ነው፤ አቧራ እንዳይነካት፣ በእጅዎ እንዳያሿት። ምዬ ወጣሁ። በሦስተኛው ሳምንት ከሆነው ነገር ወዲህ ግን መሐላዬን የሚያምን ሰው ቤታችን ውስጥ የለም።

ረፋድ ላይ ነው። ባለቤቴ ጓዳ ሽሮ ትነፋለች። እኔ መጋረጃ ልገልጥ ብሄድ እጥፋቱ ውስጥ የመዳፌን ግማሽ የምታክል የእሳት እራት ተለጥፋ አገኘሁ። ክንፎቿ ላይ ዐይን የመሰሉ ሁለት ክብ ምልክቶች አሉ። ከእኔ በአንድ ትበልጣለች ማለት ነው።

ሠላሳ ዓመት ባዮሎጂ አስተምሬያለሁና አፌ አላርፍ አለ። "ነይማ፣ አንድ ነገር ላሳይሽ!"

"ጽምብላሊዕ ናት?" አለች ከጓዳ። በእሷ ትግርኛ ቀን የምትበረው ቢራቢሮም ሌሊት የምትበረው የእሳት እራትም ጽምብላሊዕ ናቸው። "ተዋት! ዱቄቷ ዐይን ያጠፋል።"

"ይሄ የድሮ ሰው ወሬ ነው" አልኩ፣ የድሮ ሰው መሆኔን ረስቼ። ክንፏን በሁለት ጣቴ ይዤ ትምህርቴን ጀመርኩ። "ዱቄት የምትይው ቅርፊት ነው። እንደ ዓሣ ቅርፊት፣ ግን ደቃቅ፤ እንደ ቤት ክዳን አንዱ በሌላው ላይ ተደርቦ የተነጠፈ። ቀለሟም ከሱ ነው። ከሥሩ ያለው ክንፍ ከሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ፣ በቀጫጭን ሥሮች የተወጠረ ነው። ሥጋ የለውም፣ የሚያንቀሳቅሰው ደረቷ ነው። ከተቀደደ አይሽርም። ቅርፊቱ ቶሎ የሚረግፈው ደግሞ በምክንያት ነው፤ የሸረሪት ድር ቢይዛት ቅርፊቱን ለድሩ ትታለት ታመልጣለች..."

ትምህርቱን ከእኔ በላይ ታውቀው ኖሯል። ተስፈንጥራ አመለጠች፤ ጣቴ ላይ ብርማ አመድ ቀረ። ስታመልጥ ክንፏ ፊቴን ነካኝና ዐይኔን በላኝ። አሸኋት። በየትኛው እጅ? በዚያው በተማረው እጅ።

ቆረቆረችኝ፣ እንባ ሞላት፣ ጨፈንኩ። ለስንትና ስንት ተማሪ "አያሳውርም" ሲል የኖረው መምህር በአንዴ ጥሎኝ ጠፋ። የቀረሁት እኔ፣ ቢራቢሮ ስይዝ እናቴ "እጅህን ታጠብ፣ ትታወራለህ" ትለኝ የነበርኩት ልጅ ነኝ።

ባለቤቴ ሮጣ መጣች። "እስቲ ክፈታት።"

"አልከፍትም።"

"ለምን?"

እስከጨፈንኩ ድረስ ጨለማው የራሴ ሥራ ነው። ከፍቼም ጨለማ ባገኝስ?

የነጠላዋን ጫፍ ጠቅልላ እፍ አለችበት፣ በትንፋሿ ልታሞቅልኝ። አትንኪኝ ብዬ ጮህኩ።

"እሺ በምላሴ ላውጣልህ። እናቴ ለስንቱ አውጥታለች።"

"ስንቱን አሳውራ?"

"ዋይ ኣነ! ዐይኑ ተዘግቶም አፉ አይዘጋ!"

ሳቀች። ሳቋ መሐል ላይ ግን ድምፅዋ ተንቀጠቀጠ። የባሰ የፈራሁት ያን ጊዜ ነው።

ወደ ሐኪሟ በሚወስደን ባጃጅ ውስጥ ክንዴን ጨምቃ ይዛኛለች። መንገዱ ባነጠረን ቁጥር ቅርፊቶቹ አዲሷን ሌንሴን ሲፍቋት ይታየኛል።

"አቦይ፣ ምን ነካዎት?" አለ ሾፌሩ።

"ጽምብላሊዕ" አለች ባለቤቴ።

ይስቃል ብዬ ጠበቅሁ። አልሳቀም። ጋዙን ጠመዘዘ። የእሱም እናት ነግራው ኖሯል። በዚያ ፍጥነት ውስጥ አንድ ነገር ትዝ አለኝ፤ ከነጋ የባለቤቴን ፊት አላየሁም። ነይ ብዬ ጠራኋት፤ ያየሁት ግን የእሳት እራቷን ነው። የመጨረሻ ያየሁት ፊት የእሳት እራቷ ይሆን?

ሐኪሟ ዐይኔን ከላይ ከላይ በጨው ውኃ አጠበችና "አቦይ፣ አሁን ይክፈቱ" አለች።

"ዶክተር፣ ትንሽ ይታገሱኝ።"

"ውጭ ወረፋ አለ እኮ፣ አቦይ።"

"አጆኻ፣ አይዞህ" አለች ባለቤቴ፣ ጆሮዬ ሥር።

ከፈትኩ። ነጭ። ነጭ ብቻ! ከዚያ ነጩ ላይ አንድ ቁልፍ ታየኝ፣ ከሥሩ ሌላ ቁልፍ። የሐኪሟ ጋዋን ነው። ጋዋኑ ዘወር ሲል የባለቤቴ ፊት መጣ።

"ቅንድብሽ ላይ ሽሮ አለ" አልኳት።

ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ ወደ ግድግዳው ዞረች።

"ዱቄቱ አላሳወረዎትም" አለች ሐኪሟ። "ማሸትዎ ግን ሊያሳውርዎት ይችል ነበር። ቁስሉ ገና አልጠናም።" ጠብታ ጨመረችልኝ፤ እስክወጣም ድረስ ተቆጣችኝ።

"ሠላሳ ዓመት ያስተማርከውን ዛሬ ተማርክ" አለች ባለቤቴ ስንወጣ።

ቤት ስንገባ የእሳት እራቷ የመስኮቱ መስተዋት ላይ ናት። አንደኛው ክንፏ ላይ የአውራ ጣቴ ልክ ራቁቱን ቀርቷል፤ በዚያ በኩል ሰማዩ ይታያል። አይበቅልላትም። እጆቼን ኪሴ ከትቼ መስኮቱን በክርኔ ገፋሁላት። ትንሽ ዘንበል ብላ በረረች።

"ና ታጠብ፣ ጣትህ ላይ አሁንም አለ" አለችኝ ባለቤቴ፣ ጆግ ይዛ።

እጆቼን ከኪሴ አውጥቼ ዘረጋሁላት። "አንቺ እጠቢልኝ" አልኳት።