የእትዬ ዘሃራ ሞተሪኖ

ባለፈው ሰሞን ከደጃችን አጠገብ አንድ መካኒክ የሞተር ዕቃ በነጭ ጋዝ ሲያጥብ ሽታው በመስኮት ገባ። ሌላው ሰው አፍንጫውን ሲይዝ እኔ ወጥቼ አጠገቡ ቆምኩ። ሽታው ከሚሴ፣ በደርግ ዘመን፣ እትዬ ዘሃራ ግቢ ወስዶ አስቀመጠኝ።

እትዬ ዘሃራ ጎረቤታችን፣ የመካኒኩ የጋሽ ይማም ሚስት ነበረች። ጋሽ ይማም አገር ለቆ ከሄደ ፈረንጅ የገዛት ባለ ሁለት መቀመጫ ቀይ የጣሊያን መኪና ነበረችው። ዝቅ ከማለቷ የተነሳ ዶሮ እንኳ ከሥሯ ጎንበስ ብላ ነው የምታልፈው። ክረምት አልፎ የጨፋ ሜዳ ሲደርቅ ዘሃራን መንዳት ያስተማራት በእሷ ነው። አንድ ጊዜ ሞተሪኖዋን፣ ያቺን ሞተር የምታስነሳዋን ዕቃ፣ ለማደስ ፈታትና መልሶ ሳያስራት ታሞ ሞተ።

ዘሃራ ዒዳ ገባች። ባሏ የሞተባት ሴት ጊዜዋ እስኪሞላ ከግቢዋ አትወጣም፤ ባዳ ወንድ አይገባባትም። የቀበሌው ሊቀመንበር ይህን እያወቀ መልእክት ላከባት። የማትነሳ መኪና ብረት ናት፣ እስከ ዓርብ ካልተነሳች ለቁርጥራጭ ትወሰዳለች አለ። እናቴ አለቀሰች። ዘሃራ ግን እንባዋን ቀድማ ጨርሳ ኖሯል፣ ሻርፗን ወገቧ ላይ አስራ ኮፈኖዋን ከፈተች።

ችግሩ የሞተሪኖዋ ቦታ ነው። የምትታሰረው ከሞተሩ ጀርባ፣ ከጭስ ማውጫው ቱቦ ሥር ነው፤ ዓይን አያያትም፣ የወንድ ክንድም አያልፍም። ጋሽ ይማም ራሱ እዚያ ሲደርስ "ዘሃራ፣ እጅሽን አውሽኝ" ይል ነበር። አሁን ግን ዕቃዋን ከታች ደግፎ የሚይዝ ባል የለም። መኪናዋን በክሪክ አንስተው በድንጋይ ደገፏትና እናቴ ከሥሯ ተጋደመች፤ እኔን ቀብረሽ ልታርፊ ነው እያለች ሞተሪኖዋን ወደ ላይ ያዘችላት።

ዘሃራ ክንዷን ቅቤ ቀብታ ሰደደች። ቡሎኑ ግን ቀዳዳው ጋ በደረሰ ቁጥር ይወድቃል። ጓዳ ገብታ የማሽላ ሊጥ ቆርሳ መጣች። ቡሎኑን በሊጡ ጣቷ ጫፍ ላይ ለጥፋ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ በኦሮምኛ "ኮቱ፣ ኮቱ" እያለች እንደ ጥጃ ትጠራው ጀመር። ክንዷ ተልጦ ይደማል። እናቴ ይብቃሽ ስትላት እንዲህ አለች፦

"አብሽሪ። ይማም ፈትቶ የተወውን እኔ ሳላስረው ማንም በኪሎ አይመዝነውም።"

ዓርብ ዕለት ሊቀመንበሩ ጥበቃዎች አስከትሎ በሩ ላይ ቆመ። አስፋልት ላይ አውጥተሽ አሳዪን አላት።

"ዒዳዬ አላለቀም፣ አልወጣም" አለችው ከአጥሩ ውስጥ። "ከፈለግህ እዚያው ሆነህ ስማ።"

ሞተሪኖዋ አጉረምርማ ዝም አለች። እናቴ ዱዓ ያዘች። ዘሃራ ቁልፉን እንደገና ስታዞር መኪናዋ ተነሳች፤ ዶሮዎቹ አጥር ዘለው ጠፉ። ሊቀመንበሩ ጥቂት አዳምጦ ጥበቃዎቹን ይዞ ሄደ።

ዒዳው ባለቀ ማግስት እናቴን ከጎኗ፣ እኔን በእናቴ ጭን ላይ አስቀምጣ ጋሽ ይማም ወደተቀበረበት ነዳች። መንገድ ዳር አቆመች፤ አልወረደችም፣ ሞተሩንም አላጠፋችም። ያኔ ቤንዚን በራሽን ነበርና እናቴ አጥፊው እንጂ አለቻት።

"ትንሽ ይስማው" አለች።

እትዬ ዘሃራም ዛሬ ከጎኑ ናት። ከሚሴ በሄድኩ ቁጥር እዚያ ስንደርስ ሹፌሩን አቁምልኝ፣ ሞተሩን ግን አታጥፋው እላለሁ።