በባዶ ሆድ የሚወጣ ተራራ

ተራራውን የወጣሁት ለነፍሴ ብዬ አይደለም። እሱ እንደሚሄድ ስለሰማሁ ነው።

የሰፈራችን ማኅበር በየዓመቱ ከደብረ ማርቆስ በአይሱዙ ተጭኖ ጮቄ ተራራ ይሄዳል። ከመኪናው ከተወረደ በኋላ በእግር ነው፤ ለብቻው የተገተረ ጫፍ አለ፣ እሱ ላይ ጠበል ይፈልቃል። ጠበል የሚጠጣው በባዶ ሆድ ስለሆነ ተራራውም የሚወጣው በባዶ ሆድ ነው። ከዋዜማው ማታ ጀምሮ እህልም ውሃም የለም።

እሱ የምለው ሽማግሌ ልኮ ቀለበት ያሰረልኝን ሰውዬ ነው። ካሰረ በኋላ ሌላ አማረችው። ይህን ብሎ መተው ያስነውራል፤ ስለዚህ ለእናቱ "በሁዳዴ ካፌ ቁጭ ብላ እንቁላል ስትበላ በዓይኔ አየኋት" አላቸው። እኔ ሁዳዴን አንድም ቀን አፍርሼ አላውቅም። እናቱ ግን አመኑት፣ ሰፈሩም አመነው፤ ቀለበቱም ተመለሰ። ልቅሶ ቤት ሽሮ ሲያቀርቡልኝ እንኳ ሴቶቹ "የጾም ነው እኮ፣ ይሆንሻል?" እያሉ ይሳሳቁብኝ ነበር። ዝም ብዬ በላሁ። ዝም ያልኩት ግን ረስቼው አይደለም።

ገና የአስታውን ዛፍ ሳናልፍ የሱ ትንፋሽ አጠረ። ነጭ የስፖርት ጫማ አድርጎ፣ በየሜዳው ፎቶ እየተነሳ። እኔ መቆም አልወድም፤ እሱንም እናቱንም ጥያቸው ወጣሁ። ጅብራ የሚባለው ረጅም የደጋ ተክል የሚበዛበት ስደርስ ጉም ወረደና እግሬ እንኳ አልታይ ስላለኝ አንድ ትልቅ ድንጋይ ተደግፌ ቆምኩ። ብዙ ቆይቶ ጉሙ ሳሳ ሲል፣ ከድንጋዩ ወዲያ ላስቲክ ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ። አንገቴን አሾልኬ አየሁ። እሱ ነው፤ ጀርባውን ሰጥቶኝ ብስኩት ይበላል። ሁለት ሁለቱን ነው የሚጎርሰው።

መጮህ እችል ነበር። እዚያ ማን ይሰማኛል? ከዚያ በኋላ ያለውን ዳገት እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም፤ ረሃቡም ብርዱም ጠፋብኝ።

ጫፉ ላይ ጠበሉን የሚጠብቁት አባ "የቀመሰ ካለ ዘወር ይበል" አሉ። ማንም አልተነቃነቀም። እናቱ ሰው እንዲሰማቸው ጮክ ብለው "የኔ ልጅ ከትናንት ጀምሮ ምራቁንም አልዋጠ" አሉ። አባ እኔን አዩኝና "አንቺ ጉልበት ያለሽ ትመስያለሽ፣ እየቀዳሽ ስጪ" አሉኝ። እግዜር ይስጣቸው!

ተራው ሲደርስ ጣሳውን እስከ አፉ ሞልቼ በሁለት እጄ አቀረብኩለት።

"ጢምህ ላይ ፍርፋሪ አለ" አልኩት ቀስ ብዬ።

እጁ አገጩ ላይ ሄደ። "አየሽኝ እንዴ?"

"በዓይኔ።"

"በእመቤቴ ይዤሻለሁ፣ እናቴ እንዳትሰማ።"

"ምን አልኩ? ጠጣ።"

ጣሳውን ተቀበለ እንጂ አልጠጣም። ሰው ላይ ሲዋሽ የማይፈራው ሰውዬ ጠበል ይፈራል። አፉ ድረስ አድርሶ መለሰው።

"ኧረ ጠጣና አሳልፍ፣ ሰው ቆሟል!" አሉ እናቱ ከኋላው።

"ራሴን አዞረኝና... ትንሽ ብስኩት ቀመስኩ" አለ።

እናቱ ፊታቸው ተለዋወጠ። መጀመሪያ እሱን፣ ከዚያ እኔን አዩ። "የእንቁላሉስ ነገር?" አሉት። መሬት መሬቱን አየ። ሰልፉ ሁሉ አንገቱን አስግጎ ያይ ነበር፤ ሽሮ ያቀረቡልኝ ሴቶችም ነበሩ።

ጣሳውን ከእጁ ተቀበልኩና እናቱን እያየሁ ጠጣሁት። ቀስ ብዬ፣ እስከ ታች።

ስንወርድ መንገዱ ያንሸራትት ነበር። እናቱ ደረሱብኝና "ልጄ፣ እስቲ እጅሽን ስጪኝ" አሉኝ። ልጄ ብለው የጠሩኝ ቀለበቱ ከተመለሰ ወዲህ ያን ጊዜ ብቻ ነው።

"ልጅዎ አለልዎ እኮ፣ እትዬ" አልኳቸው። "በልቷል፤ ጉልበት አያጣም።"

ቀድሜ ወርጄ፣ ጠዋት እኔ ከኋላ ተጭኜ ስመጣ እሳቸው የመጡበት የአይሱዙው ጋቢና ውስጥ ገብቼ ተቀመጥኩ። ማንም ውረጂ አላለኝም።