ያጸደቅኩት አስተያየት

ስለ አንድ አስተያየት ነው የምጽፈው። አራት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። ያጸደቅኩት እኔ ነኝ፤ በእሱ ምክንያት አንዲት ተማሪ ዓመቷን አጣች።

ያኔ ዲላ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የኮምፒውተር ላቡን የምይዝ የኮንትራት ሠራተኛ ነበርኩ። አስተማሪ አልነበርኩም። ኮሌጅም አልገባሁም፤ ኮምፒውተር የተማርኩት ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጥሬ፣ የሰው ማመልከቻ እየተየብኩና የተበላሸ ማሽን እየፈታሁ ነው። ተማሪዎቹ ግን ቲቸር ይሉኝ ነበር። አላረምኳቸውም።

ከላቡ ኮምፒውተሮች የሚሠሩት አሥራ አራቱ ነበሩ። ኢንተርኔቱ አስተማማኝ ስላልነበረ እዚያው ላብ ውስጥ ብቻ የሚከፈት ብሎግ አዘጋጀሁ። የአሥረኛ ክፍል የአማርኛ መምህር ረቡዕ ረቡዕ አንድ ክፍለ ጊዜ ለቀቁልኝ። ተማሪዎቹ አራት አራት፣ አንዳንዴም አምስት ሆነው አንድ ስክሪን ፊት ይቀመጣሉ። አንዱ ጽሑፍ ያወጣል፣ ሌሎቹ ከሥሩ አስተያየት ይጽፋሉ። አስተያየቱ የሚታየው እኔ አንብቤ ሳጸድቀው ነው።

መጀመሪያ የመጡት ሁሉ አንድ ዓይነት ነበሩ። «አሪፍ ነው።» «በርቺ።» «ዋው።» አንዱንም አላጸደቅኩም።

«ቲቸር፣ አሪፍ ነው ማለት ምን አጠፋ?» አለ ከኋላ አንዱ።

«ምኑ ነው አሪፍ?»

«ሁሉም ነዋ!»

«አላነበበውም ቲቸር» አለች አጠገቡ የነበረችው። «ይሄ እኮ የለቅሶ ፎቶ ሥርም ዋው ብሎ የሚጽፍ ልጅ ነው።»

ክፍሉ ሳቀ። እኔ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ፦ አስተያየትህን ቆርጠህ ሌላ ሰው ጽሑፍ ሥር ለጥፈው፤ እዚያም ካስኬደ ገና አላነበብክም። ከዚያ በታች ደግሞ፦ ከጽሑፉ አንድ ዝርዝር ነገር አንሣ፤ ጸሐፊው ያልነገረህን አንድ ነገር ጠይቅ። ምክርና ምርቃት ከለከልኩ።

ኅዳር ላይ ተራው የአንዲት ዝምተኛ ልጅ ሆነ። እናቷ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ወደ ይርጋጨፌ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለ የቡና ማጠቢያ የቀን ሠራተኛ ናት። ልጅቷ የጻፈችው ስለዚያ ነው። የታጠበው ቡና በሽቦ አልጋ ላይ እንዴት እንደሚሰጣ፣ በእጅ እንዴት እንደሚገላበጥ፣ የተሰበረው ፍሬ እንዴት እንደሚለቀም፣ ሽታው ጣት ላይ ስንት ቀን እንደሚቆይ። «እኔና እናቴ» እያለች ነው የምትጽፈው። ረቂቁን በወረቀት ይዛልኝ መጣች። አንድ ቦታ ብቻ አልጣመኝም። «ፀሐዩ ሲበረታ ቅርፊቱ እንዳይሰነጠቅ እንሸፍነዋለን፤ ሲበርድ እንገልጠዋለን» ይላል።

«ስንት ሰዓት ላይ ነው?» አልኳት።

«እንደ ፀሐዩ ነው ቲቸር።»

«አብዛኛውን ቀንስ?»

የእስክሪብቶዋን ክዳን ነቀለች፣ መልሳ ገጠመች። «ሰዓቱ ግድ ነው?»

«ግድ ነው። ሰዓቱን ስትጽፊ አንባቢው እዚያ አብሮሽ ይቆማል።»

ጻፈች። ስድስት ሰዓት ላይ እንሸፍነዋለን፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንገልጠዋለን። ወረቀቱን ስታቀብለኝ ቀና ብላ አላየችኝም። እኔም ያየሁት ዓረፍተ ነገሩን ነው።

ጽሑፉ በወጣ በሳምንቱ፣ በዚያ ሰሞን ከጨለለቅቱ ተዛውሮ የመጣ አንድ ተማሪ ይህን አስተያየት ላከ፦

«ስድስት ሰዓት ላይ ትሸፍናላችሁ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትገልጣላችሁ ብለሻል። የእኛ ክፍል በዚህ ወር የከሰዓት ፈረቃ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ አራተኛው ክፍለ ጊዜ ነው። ታዲያ ስምሽ ሲጠራ አቤት የሚለው ማን ነው?»

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ከማንም ሌላ ሰው ጽሑፍ ሥር ሊለጠፍ የማይችል ነበር። ለወራት ስለምነው የኖርኩት ነገር መጣልኝ ብዬ ደስ አለኝ። አጸደቅኩት። አልበቃኝም፤ ከጽሑፏ ጋር አትሜ፣ ከላይ «አስተያየት ማለት ይህ ነው» ብዬ የላቡ በር ላይ ለጠፍኩት።

የላቡ በር ከዩኒት ሊደሩ ቢሮ ፊት ለፊት ነው። የመቅረት ጉዳይ የሚያዘው እዚያ ነው።

በማግስቱ ስመጣ በሩ ላይ የቀረው የፕላስተሩ ምልክት ብቻ ነበር። ወረቀቱ ዩኒት ሊደሩ ጠረጴዛ ላይ፣ ከስም መጥሪያው መዝገብ አጠገብ ተቀምጧል። የቡናው ወቅት ከገባ ጀምሮ ልጅቷ ፈተና ከሌለ አብዛኛውን ቀን ከሰዓት ትምህርት ቤት አልነበረችም። አቤት የምትልላት አብራት የምትቀመጠው ልጅ ናት። ከተፈቀደው ቀን በላይ የቀረ ተማሪ ደግሞ የማጠቃለያ ፈተና አይቀመጥም። ረቡዕ ግን፣ በብሎጉ ቀን፣ አንድም ጊዜ ቀርታ አታውቅም ነበር።

«ሰዓቱን ያስጻፍኳት እኔ ነኝ» አልኳቸው። «መጀመሪያ አልጻፈችውም ነበር።»

«ውሸት ነው የጻፈችው እያልከኝ ነው?»

አልዋሸችም።

«ስማ ወንድሜ፣ እኔ ፈልጌ አላገኘኋትም» አሉኝ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም። «እዚያ ክፍል ውስጥ ስድሳ ሁለት ልጅ ነው ያለው፤ አቤት ካለ አለ ብዬ ነው የምይዘው። አምጥተህ በሬ ላይ የለጠፍክልኝ አንተ ነህ። አሁን ሰው ሁሉ ካነበበው በኋላ አላየሁም ልበል?»

አስተያየቱን ከብሎጉ ላይ አጠፋሁት። ምንም አልጠቀመም።

ልጅቷ መጽሐፎቿን ለመመለስ አርብ ዕለት መጣች። ላቡ በር ላይ ቆም አለች። ቀድማ የተናገረችው እሷ ናት።

«ሰዓቱን ባልጽፈው ኖሮ ጽሑፉ ጥሩ አይሆንም ነበር?»

ጽሑፉን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በልቤ አስታወስኩት። «ያለ ሰዓቱም ጥሩ ነበር» አልኳት።

«እሺ» ብላ ሄደች። በኋላ ከእናቷ ጋር ወደ ዱመርሶ፣ ወደ ሌላ ማጠቢያ መሄዷን ሰማሁ።

አስተያየቱን የጻፈው ልጅም መጣ። ፊቱ ገርጥቷል። «ቲቸር፣ እኔ የጠየቅኩት ስላልገባኝ ነው። ሁሉም ያውቁ ነበር ለካ።»

እውነቱን ነው። ከዚያ ሁሉ ተማሪ መሀል ዝም ያላለው እሱ ብቻ ነበር፤ እሱም ስላላወቀ ነው። ከእሱ ሌላ ያላወቅኩት እኔ ነኝ።

«ጥፋቱ ያንተ አይደለም» አልኩት። እንዳላመነኝ አየሁ።

በሚቀጥለው ረቡዕ አንድ ተማሪ አባቱ ሞተር ሳይክል ላይ ስለደረሰበት አደጋ ጻፈ። የተሰበረው የትኛው እግር እንደሆነ አልገለጸም፤ የት መንገድ ላይ እንደሆነም የለም። እኔም አልጠየቅኩትም። ክፍሉ እስከ ደወሉ ሲተይብ ቆየ፤ የሚቀልድ አልነበረም። የሰሌዳው ጽሑፍ እንዳለ ነው፣ አላጠፋሁትም።

ሲወጡ አስተያየቶቹን ከፈትኩ። «አሪፍ ነው።» «በርታ።» «እግዚአብሔር ይማረው።» «በርታ ወንድሜ።» ይህን የመጨረሻውን የጻፈው ከጨለለቅቱ የመጣው ልጅ ነው። እስከ ታች ድረስ አየኋቸው፤ አንድም ጥያቄ የለም።

ተቀምጬ አንድ በአንድ አጸደቅኳቸው።