ቦርደዴ ብዬ የጻፍኩት
እስካለፈው ሳምንት ድረስ ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ባለቤቴ እንኳ ሳትሰማው አልፋለች። ጡረታ ወጥቼ ጭሮ እስክገባ ድረስ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ ሳስተምርና አዲስ መድኃኒት ስፈልግ ኖሬያለሁ። በዚያ ሥራ ላይ ዋሽቻለሁ፤ የዋሸሁትም በታተመ ጽሑፍ ነው።

በምዕራብ ሐረርጌ ቆላ የሚኖሩ አንዲት አዛውንት ቁስል የሚያደርቁበትን የቁጥቋጦ ሥር አሳዩኝ። ከአንዲት ጠባብ ሸለቆ ነበር የሚቆፍሩት።

«ቦታውን ለሰው እንዳትናገር፤ በመኪና መጥተው ይጨርሱታል። ወላሂ በል!» አሉኝ።

ክርስቲያን መሆኔን ስነግራቸው ሳቁ። «እንግዲያው በማርያም በላ!»

ማልኩ።

ከሥሩ ባክቴሪያ የሚገድል ውህድ ለይቼ አወጣሁ። ግኝቴን የላክሁለት የሳይንስ መጽሔት ናሙናው የተሰበሰበበት ቦታ ካልተጠቀሰ አላትምም ሲለኝ፣ ሸለቆው የሌለበትን አገር «ቦርደዴ» ብዬ ጻፍኩ። ሸለቆውን በመደበቄ አልጸጸትም፤ ዛሬም እደብቀዋለሁ። ጽሑፉን አለማሳተም አልችልም ነበር? እችል ነበር። የማዕረግ ዕድገቴን ፈለግሁና አሳተምኩ።

ከዓመታት በኋላ ሂሩት የተባለች የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ በጽሑፌ ተማምና ቦርደዴ ወረደች፤ ያንኑ ቁጥቋጦ ቆፈረች። ዝርያው አንድ ቢሆንም አፈሩ ሌላ ነው፤ ውህዱን አጣችው። የመመረቂያ ጽሑፏን ስታቀርብ «ሦስት ጊዜ ደገምኩት» አለች። ከፈታኞቿ አንዱ እኔ ነበርኩ። ሰብሳቢው «የፕሮፌሰሩ ሥራ የታወቀ ነው፤ ጉድለቱ የእጅሽ ነው» አሏት።

እኔስ ምን አልኩ? ወረቀት አገላበጥኩ። በዚያ ክፍል እውነቱን ብቻዬን የማውቀው እኔ ዝም አልኩ። ሸለቆውን ሳልጠራ «ቦርደዴ አልነበረም» ማለት ያቅተኝ ነበር? አፌን የዘጋው መሐላው አይደለም፤ ክብሬ ነው።

ሂሩት ወደቀች። ምርምሩን ትታ ዛሬ ጭሮ ውስጥ በአንድ መድኃኒት ቤት ገንዘብ ተቀባይ ናት። ባለፈው ሳምንት ለመጽሔቱና ለዩኒቨርሲቲው የላክሁትን፣ ውሸቴን ያመንኩበትን ደብዳቤ ግልባጭ ወሰድኩላት። ቆማ አነበበችው።

«ታዲያ የት ነበር፣ ጋሼ?»

«እሱን አልነግርሽም።»

«አሁንም?»

«አሁንም።»

ወረቀቱን አጥፋ ኪሷ ከተተችው። «በሉ ይውጡልኝ፤ ሰው ተሰልፏል።»

ወጣሁ። ይቅርታ አልጠየቅኋትም። ልፋቷን የወሰድኩባት ሳያንሰኝ፣ ምሕረቷንም ልውሰድ?