መምህርት ተናኘወርቅ የጻፈችው መመሪያ

ተናኘወርቅ ሣህሌ ዲክሲስ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኮምፒውተር ታስተምራለች። ቤቷ አሰላ ስለሆነ ሰኞ ማለዳ በሚኒባስ ትሄዳለች፣ ዓርብ ከሰዓት ትመለሳለች። አርባ ስድስት ዓመቷ ነው። ፕሮግራም መጻፍ የጀመረችው አርባን ካለፈች በኋላ፣ ራሷን በራሷ አስተምራ ነው።

ባለፈው ክረምት የተማሪዎችን ውጤት የሚይዝ ሶፍትዌር ልትሠራ ተነሣች። አዲስ አበባ በፕሮግራመርነት የሚሠራው የቀድሞ ተማሪዋ ሀሰኖ ከዜሮ እንዳትጀምር መከራት። እሱና ባልደረቦቹ ተጠቃሚው የማያየውን የሶፍትዌር የጀርባ ክፍል፣ ማለትም መግቢያውን፣ ዳታቤዙንና መልእክት መላኪያውን፣ በአንድ ማህደር አሰባስበው ማንም ወስዶ እንዲጀምርበት ኢንተርኔት ላይ ክፍት አድርገውት ነበር። ማሻሻያ ያለው ሰውም መላክ ይችላል።

አብሮት ያለው የአጫጫን መመሪያ፣ ሁሉም በአሥር ደቂቃ ተጭኖ ያልቃል ይላል። ተናኘወርቅን አሥራ አንድ ቀን ፈጀባት። አንዱ ክፍል ሲነሣ ሌላው ይወድቃል። መብራት ይጠፋና ግማሽ የወረደው ፋይል እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራል። እህቷን ውድነሽን "ለዚህ ሥራ ሳላረጅ አልቀረሁም" አለቻት። የገጠማትን ስህተት ሁሉ ደብተር ላይ መጻፍ ስትጀምር ግን ነገሩ ገባት። የመመሪያው ጸሐፊዎች የራሳቸው ኮምፒውተር ላይ ቀድሞ የተጫነውን ነገር ሳይጠቅሱ አልፈውታል። ዳታቤዙ ከሌሎቹ በፊት መነሣት እንዳለበት እንኳ አንድም ቦታ አልተጻፈም።

መመሪያውን እንደ አዲስ ጽፋ ላከች። በማግስቱ ፕሮጀክቱን የሚመራው ፍሰሐ "እኛ ጋ ይሠራል" የሚል አንድ መስመር ጽፎ፣ የላከችውን ሳይቀበል ዘጋው። ያውም ሰው ሁሉ በሚያየው ገጽ ላይ። ለሀሰኖ እንኳ አልነገረችውም፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ ገጹን አልከፈተችም።

መስከረም ላይ ሶፍትዌሩን የትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ላይ መጫን ነበረባት። የራሷን መመሪያ መስመር በመስመር ተከተለች፤ ስድስተኛው ላይ ቆመች። እሷም ላፕቶፕዋ ላይ የነበረ አንድ ነገር ረስታ ኖሯል። ባዶው ክፍል ውስጥ ብቻዋን ሳቀች። አስተካከለችና፣ ኮምፒውተሩ የሚጎድለውን አስቀድሞ የሚናገር ትንሽ ፕሮግራም ጨመረችበት። እንደገና ስትልክ አዲስ ኮምፒውተር ላይ እንዲሞክሩት ለመነች።

አምስት ቀን መልስ አልመጣም። ዓርብ ወደ አሰላ ስትመለስ፣ ሚኒባስ ውስጥ ስልኳ ጠራ። ፍሰሐ ነበር።

"መምህርት፣ አዲስ ላፕቶፕ ላይ በእኛ መመሪያ ግማሽ ቀን ታገልኩ፣ እምቢ አለኝ። በእርስዎ ተነሣ። የመጀመሪያውን ሳላነበው ነው የዘጋሁት። ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

"ብታነበው ኖሮ ስድስተኛው ላይ መሳሳቴን ትነግረኝ ነበር" አለችው።

ቅር እንዳላላት ነግራው ስለ ትንሿ ፕሮግራም ማውራት ጀመሩ። ሁለት ሳምንት ያህል እሱ ሲያርም እሷ ስትመልስ ቆይተው፣ ሥራዋ ዋናው ማህደር ውስጥ ገባ። ዛሬ የመመሪያው ኃላፊ እሷ ናት። ሰው ማሻሻያ ሲልክ የትምህርት ቤቱ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ትሞክረዋለች፤ የማትቀበለው ከሆነም ምክንያቱን ትጽፍለታለች።

የውጤት ሶፍትዌሩ ገና ዘጠነኛ ክፍልን ብቻ ነው የሚይዘው። ርእሰ መምህሩ አቶ ገብረሥላሴ የአሥረኛውስ መቼ ነው እያሉ ይጠይቋታል። ለፋሲካ ይደርሳል ትላቸዋለች።